ቦዩ የት ይደርሳል?

በ1988 በጋ ላይኛው ቀበሌ ባማረ ድንጋይ የጎርፍ ቦይ አሠራ። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወርደው ሰፈር እንደዚያ ያለ ቦይ ታይቶ አያውቅም፤ ቁልቁል ቀጥሎ ባለው ቀበሌ ሱቅ ያላት መኪያም በዚያ ስታልፍ አድንቃዋለች። ሁለቱ ቀበሌዎች የሚዋሰኑበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆሙን ግን ልብ አላለችም።

ክረምት ሲገባ ገባት። ድሮ በየግቢው እየተበታተነ ይወርድ የነበረው ውሃ አንድ ላይ ተሰብስቦ መጣና ሱቋን ሞላው። ስኳሩ ቀለጠ፣ ዱቄቱ ቦካ፣ ሳሙናው እየተንሳፈፈ መንገድ ወጣ። ከወሎ መጥታ ያችን ሱቅ ለማቆም ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስትዝቅ ዋለችና በማግስቱ በቀጥታ ቀበሌ ሄደች።

ሊቀመንበሩ አቶ ላጲሶ ክፉ ሰው አልነበሩም።

"የዘንድሮው በጀት ተይዟል፣ መኪያ። የአዳራሹን አጥር እናሠራለን። የላይኞቹን አጥር አላየሽም? እኛ ከማን እናንሳለን?"

"የነሱን አጥር ሲያዩ አጥር አማረዎት። ቦያቸውን ሲያዩስ?"

አቶ ላጲሶ በመስኮቱ ወደሚያካፋው ዝናብ ተመለከቱ።

"ቦቲዎን ያድርጉና ይምጡ" አለች። "በዓይንዎ ይዩት።"

ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ጠንከር አለ። ውሃው ከቦዩ አፍ እየተወረወረ የአንድ ቤት ማድቤት ግድግዳ ሲንድ አብረው አዩ።

"ጎርፋቸውን እኛ ላይ ደፉት እኮ! ማፍረስ አለባቸው!" አሉ አቶ ላጲሶ ተቆጥተው።

"ለምን ያፈርሱታል? እነሱ ለሕዝባቸው ሠሩ። እኛም እንሥራ።"

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ተከራከረ። መኪያ እስከዚያው ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ ሰበሰበች፤ ጉልበት የሚያዋጣውንም መዘገበች። በመጨረሻ አጥሩ ቀረና በጥቅምት ቁፋሮው ተጀመረ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እሷም ድንጋይ ታቀብል ነበር።

ሥራው የቀበሌው ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ግንበኛው ችካል ተከለ። "እዚህ ያበቃል" አለ። ከችካሉ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛው ቀበሌ ውስጥ፣ የእማማ ሃረገወይን ቤት ነበር። እማማ ደጃቸው ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣

"ልጄ፣ ውሃው ከዚህ ወዴት ይሄዳል?" ብለው ጠየቁ።

መኪያ ደነገጠች። የእሷ ሱቅ ድኗል፤ ዞር ብላ ብትሄድ የሚወቅሳት አልነበረም።

"አቶ ላጲሶ፣ የተደፋብንን እኛም ልንደፋ ነው?" አለች ሥራውን ሊያዩ የመጡትን ሊቀመንበር።

"ከዚህ በታች የኛ አይደለም! በማን ሥልጣን የሰው ቀበሌ ላሠራ?"

"እንግዲያው ባለሥልጣኑን እናመጣለን።"

በማግስቱ መኪያና እማማ ሃረገወይን ሦስተኛው ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ አቶ ዘርአጽዮን፣ "ቦይ እቅዳችን ውስጥ የለም" አሉ።

"እኛም ጋ አልነበረም" አለች መኪያ። "የላይኞቹ ሲሠሩ እኛ ግድ ሆነብን። አሁን ተራው የእናንተ ነው። እኛ ግን ቤት ተበላሽቶብን ነው የተነሳነው፤ እናንተ ክረምቱን ቅደሙት።"

አቶ ዘርአጽዮን ወዲያው እሺ አላሉም። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች፣ በሌላውም ሳምንት። በአራተኛው እሳቸው ራሳቸው ችካሉ ድረስ መጡ። አቶ ላጲሶ የተረፈውን ድንጋይና ግንበኞቹን ሊሰጡ፣ የታችኞቹ ቁፋሮውን ሊችሉ እዚያው ቆመው ተስማሙ።

በግንቦት መጨረሻ ቦዩ ከሰፈሩ ግርጌ ያለው ወንዝ ደረሰ። መኪያ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገጠም አይታ፣ ደንበኛ እንዳይመለስባት ወደ ሱቋ ተጣደፈች።