የመሐንዲሱ ሁለተኛ ፊት

ፀጉር ቤቴ እሁድ ዝግ ነው ይላል በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት። ውሸት ነው። ለደንበኛ ዝግ ነው እንጂ ለ«ሰባተኛው ምህዋር» እብዶች ከሰዓት በኋላ ወለል ብሎ ይከፈታል። በያጁ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ይቀመጣል፤ ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የሌለው ሰውዬ ካስኩን ካላወረደ ሐሳብ አይመጣለትም። ፋርማሲስቷ የፀጉር መታጠቢያው ወንበር ላይ ጋደም ትላለች። ሾፌሩ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን ሳጥኔን እንደ በርጩማ ይጠቀምበታል፤ ስንቴ ተቆጥቼ ስንቴ ተውኩት። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደግሞ መሃል ላይ፣ በትልቁ መስታወት ፊት፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ይቀመጣል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው።

«ሰባተኛው ምህዋር» በጠፈር ውስጥ ጠፍታ ቤቷን ስለምትፈልግ መርከብ የሚተርክ ተከታታይ ፊልም ነው። መርከቧ ቤቷን ስትፈልግ እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ይሄን ሱቅ ከፍቻለሁ፣ ሸብቻለሁ፤ እሷ እስካሁን አልደረሰችም። ካፒቴኗ፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ ዛሬም እንደተጨቃጨቁ ናቸው። የኔ ሰዎች ደግሞ ስለነሱ ይጨቃጨቃሉ።

ጭቅጭቃቸው አንድ ሕግ አለው፤ ያወጣውም ጋሼ ነው። «ደራሲዎቹ ተሳስተዋል» ማለት ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጥረጊያ አንስቶ የሳምንቱን ፀጉር ይጠርጋል። በአንዱ ክፍል እጁ የተቆረጠ ሰው በሌላው ክፍል ሲያጨበጭብ ከታየ፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የተመልካቹ ሥራ ነው። ሲያጡ ሲነጡ «ሌላ ዓለም ውስጥ ነው» ይላሉ፤ ለሱም ማስረጃ አያጡም።

ትልቁ ጠባቸው በመሐንዲሱ ምክንያት የመጣው ነው። መሐንዲሱን የሚጫወተው ተዋናይ መሃል ላይ ጥሎ ሄደ። በሚቀጥለው ክፍል ሌላ ሰው የሱን ቱታ ለብሶ ከች አለ። ቁመቱ ይረዝማል፣ አፍንጫው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። መርከቧ ውስጥ ግን «አንተ ደግሞ ማነህ?» ያለው የለም። በያጁ ሰላይ ነው አለ። ሾፌሩ መንታ ወንድሙ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሊጣሉ ሲደርሱ ጋሼ እጁን አነሳ።

«ሞተር ክፍል ከመግባቱ በፊት በሩን ሁለቴ ያንኳኳል። የድሮውም እንዲሁ ያደርግ ነበር» አለ። «ፊት ልብስ ነው። ሰውየው ያለው እዚያ ማንኳኳቱ ላይ ነው።»

በዚህ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እኔም ጠዋት ጠዋት ሻይ ስወስድለት ለቀልድ የክፍሉን በር ሁለቴ አንኳኳ ነበር። «ግባ፣ መሐንዲስ!» ይለኝ ነበር ከውስጥ።

ያሳደገኝ እሱ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ነፍስ አላወቅኩም ነበር፤ ፀጉሬን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር፣ ሲጎነጉንም አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆን ነበር። ፀጉር ሠሪ የሆንኩት በንዴት ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ። ካደግኩም በኋላ የሚጠራኝ «ጩጬ» ብሎ ነበር። ጉልበቴን እያመመኝ፣ ሽበቴን በቀለም እየደበቅኩ፣ በደንበኛ ፊት «ጩጬ»!

አንድ እሁድ ጋሼ፣ ካፒቴኗ በረዷማው ፕላኔት ላይ ጥላው የመጣችው ወንድ ልጅ አላት አለ። እንዲህ ያለ ክፍል ማንም አላየም። ጋሼ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። ከዚያ በያጁ ካስኩን ወደ ላይ ገፍቶ ብድግ አለ።

«ቆይ! ቆይ! መሳቢያዋ ውስጥ የደበቀችው ትንሽ ጓንትስ? የማን ነበር?»

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሾፌሩ ጋሼን ግንባሩን ሳመው። በሌላው ሳምንት ጋሼ የመርከቧ ሐኪም ሞቷል አለ፤ ሐኪሙ ደግሞ ያን ዕለት ሲስቅ ታየ፤ እነሱም ጊዜ ራሱ ተጣጥፏል ብለው እስኪመሽ ተከራከሩ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አያውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ካልሲውን ፍሪጅ ውስጥ ሳገኘው እንኳ ስቄ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት።

ፋርማሲስቷ ግን አንድ ቀን ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረች። ሥራ የማትወደዋ ሴትዮ ፎጣዎቼን ማጣጠፍ ጀመረች።

«እኅቴ፣ ጋሼን ሐኪም ቤት ወስደሻቸዋል እንዴ?»

«ለምኑ? ካንቺም ከኔም ይበልጥ ጤነኛ ነው።»

«የደም ግፊት ክኒናቸውን ጠዋት ከኔ ወስደው፣ ከሰዓት መጥተው አልወሰድኩም አሉኝ። መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ ክኒንሽን ሽጪ፤ ሰው አትመርምሪ!» አልኳት። ደሜ ፈልቶ ነበር። እሷ የመጨረሻውን ፎጣ አጣጥፋ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ወጣች። በማግስቱ ጋሼን ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

የመረመረው ሐኪም ትሁት ልጅ ነው። ጋሼን ሰዓት እንዲስል ጠየቀው። ስንት ትውልድ የዓለምን ካርታ ያለ መጽሐፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥል ያየው እጅ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን አጨቃቸው፤ ሌላው ወገን ባዶ ቀረ። እርሳሱን ነጥቄ ላስተካክልለት ቃጣኝ። ጋሼ ሥዕሉን ትንሽ አየና «አልጨረስኩትም» አለ።

ሐኪሙ ኋላ ለብቻዬ ነገረኝ። በሽታው ወደ ኋላ አይመለስም፤ መድኃኒቱ ጥቂት ያዘገየው ይሆናል፤ እሱም ከሆነ ነው።

«እሺ እኔ ምን ላድርግ?»

«አብረዋቸው ይሁኑ።»

ይሄም ምክር ሆኖ! ከተወለድኩ ጀምሮ ሌላ ምን ሳደርግ ኖሬያለሁ?

ለእሁድ ሰዎች ነገርኳቸው። እንዳትከራከሩት ብዬም ለመንኩ፤ ሕጋቸውን ረስቼው ነው እንጂ ልመና አያስፈልግም ነበር። እንደ ድሮው መጡ። ጋሼ የተናገረውን ሁሉ ተቀበሉ፣ ምክንያትም ፈለጉለት፤ ጩኸታቸው ግን ጠፋ። ቀስ ብለው ነበር የሚያወሩት፣ የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት ይመስል።

አንድ እሁድ ጋሼ ፊቱ ፈካ አለ። «መሐንዲሱ ትንሿን ልጅ ከጉድጓድ ያወጣባት ክፍል ትዝ ትላችኋለች?» አለ። «ለውኃ ማጠራቀሚያ የተቆፈረ ነው፤ ላዩ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ልጅቷ ቆርቆሮው ላይ ስትዘል ገባች። ገመድ የለም። አንሶላ ከአንሶላ ቋጥሮ ወረደላት። አዝሏት ሲወጣ እሷ ስለ ሕይወቷ መሰላችሁ የምታለቅሰው? አንዱ ጫማዋ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶባት ነው!»

ሳቀ። በያጁ ዋሻው ያለበት ክፍል ይሆናል አለ። ሾፌሩ የለም፣ የመርከቧ ውኃ ታንከር ነው አለ። እኔ ማበጠሪያ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። የአንሶላው ቋጠሮ ደረቴን የላጠኝ ዛሬም ይታወቀኛል።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊልም ላይ የለም» አልኩት። «የጎረቤታችን ግቢ ነው። ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ልጅቷ እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ ተሳስቶ የመለሰ ጎበዝ ተማሪን እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«እመቤቴ» አለ፣ «ልጅቷ እኮ ትንሽ ናት። እርስዎ ትልቅ ሴት ነዎት።»

በያጁ ከካስኩ ስር ወጣ። ማንም ሳያዘው መጥረጊያውን አንስቶ ንጹሑን ወለል መጥረግ ጀመረ።

ያን ዕለት ማታ በስሜ ጠራኝ፤ ድኗል ብዬ እንደ ሞኝ ተደሰትኩ። ሰንበትበት ብሎ ግን አንድ ጠዋት በሩ ክፍት ስለነበር ሳላንኳኳ ሻዩን ይዤ ገባሁ። ሲያየኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ፈርቶኛል። ጋሼ እኔን ፈራኝ! ስሜን ነገርኩት፣ የእናታችንን ስም ነገርኩት፣ ፎቶ ከግድግዳ ላይ አወረድኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይሸሻል። ትቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሻዩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሐኪሙን ብጠራ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ብጠራ ምን ይላል? የማደርገው ነገር ጠፋኝ።

ሌላ ምንም ስላልመጣልኝ በሩን ዘጋሁና ሁለቴ አንኳኳሁ።

«ይግቡ» አለ።

ገባሁ። ብርድ ልብሱን ለቀቀ። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ፊቴን፣ እጄን፣ መልሶ ፊቴን።

«ማንኳኳትዎ ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «ፊትዎ ግን ሌላ ነው። ቀየሯት?»

«አዎ» አልኩ። «ቀየሯት።»

«የድሮዋ ምን ሆነች?»

«ሥራዋን ለቀቀች።»

«ሳትሰናበተኝ?»

«ሳትሰናበት።»

ሻዩን ተቀበለኝ። እንባዬ ሲወርድ አይቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አይዞዎት» አለኝ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያጉረመርማል፤ በኋላ ይለመዳል። መሐንዲሱንም ለምደነዋል። ብቻ የድሮዋ...» አሰበ፤ ፈገግም አለ። «ጩጬ ነበር የምላት።»

«እኔንም ጩጬ በለኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

አዝኖልኝ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም፣ እመቤቴ። ስትመለስ ታኮርፈኛለች።»