የወጌሻው ተረከዝ

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሩር ያሳድዳል እንዴ? እስከዳር ከጠዋት ጀምራ «አባባ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ» እያለች ለምናቸው ነበር፤ ማን ሰምቷት! በገና ቀን የላይ ቤትና የታች ቤት ሰፈር ሰዎች ከዳባት በላይ ካለው መስክ ላይ ሲገጥሙ አባቷ፣ የላይ ቤቱ ወጌሻ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ቀርተው አያውቁም። ጋቢያቸውን ወዲያ ጥለው፣ የገና ዱላቸውን ይዘው፣ ሩሯን እንደ ጎረምሳ ያሯሩጧት ጀመር።

ድንገት «ቷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳር የቆመው ሁሉ ሰማው። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ በግንባራቸው ተደፉ፤ ወዲያው ተገላብጠው ግራ ተረከዛቸውን ይዘው ጮኹ።

«መታኝ! ከኋላዬ መጥቶ በዱላ መታኝ!»

ከኋላቸው የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሺዋስ! ዱላውን እንደያዘ ክው ብሎ ቀርቷል። የታች ቤት ልጅ ነው፤ የእስከዳር እጮኛም እሱ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርጋቸው ነው፤ ዘመድ ተጠርቷል፣ ጌሾው ሳይቀር ተወቅጧል።

«አልነካሁዎትም! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አልነካሁዎትም!»

«ዝም በል! አማቱን ከኋላ የሚመታ ወንድ ነው? የላክሃቸውን ሽማግሌዎች ጥራቸው፤ ቃሌን አንስቻለሁ! ልጄን አልሰጥህም!»

ወይ ጉድ! ሜዳው ተተራመሰ። ላይ ቤት ዱላውን ሰበቀ፣ ታች ቤትም አላነሰም። የቆሎ ተማሪዎች መምህር የኔታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ይዘው መሃል ገቡ። «ስለ ተወለደው ጌታ! በዛሬ ቀን ደም ልታፈሱ ነው?» እያሉ አንዱን በቁጣ፣ ሌላውን በልመና ያዙት።

እስከዳር ነጠላዋ መውደቁን እንኳ ሳታይ ሮጣ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ደባርቅ ነርስ ናት። ተረከዛቸውን ስታየው ቆዳው አልተጫረም፣ አልቀላም፤ ዱላ ያረፈበት ምልክት የለም። ከተረከዙ ከፍ ብላ ስትዳስስ ግን ምን እንደሆነ ገባት።

«አባባ፣ ማንም አልመታዎትም! ባትና ተረከዝን የሚያያይዘው ወፍራሙ ጅማት ነው፤ ተበጥሷል። እሱ ሲበጠስ ሰው ከኋላ የመታው ነው የሚመስለው። ስንቱ ‹ድንጋይ ወረወሩብኝ› እያለ መጥቶብናል መሰለዎት!»

«እጮኛዋ አይደል እንዴ! ምን ትበል ታዲያ!» አለ አንዱ ከላይ ቤት፤ ሰዉም ሳቀ።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም ከእሱ ጋር ሆንሽ?» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ቅቤ አምጡና እሹኝ! ይሄ ምት ነው፣ ሲታሽ ይለቃል» ብለው አዘዙ።

«ማንም እንዳይነካው! የተበጠሰ ጅማት አይታሽም!»

ብትምል ማን ያምናታል? ብታለቅስ ለእጮኛዋ አለቀሰች ነው የሚባለው። ሠርጓ ዓይኗ እያየ ሊፈርስ ነው። ድንገት የአባቷን እጆች አየች፤ የአገሩን ውልቃትና ስብራት ሁሉ በመዳሰስ የሚለዩትን እነዚያን እጆች።

«እሺ፣ እኔን አይመኑኝ። የራስዎን እጅ ይመኑ! የሺዋስ፣ በሆድህ ተኛ!»

«እ?»

«ተኛ አልኩህ! ጉልበትህን እጠፍና እግርህን ወደ ላይ አንሳ። አባባ፣ ባቱን ይጭመቁት።»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ እንደተቀመጡ ሳብ ብለው ያዙት፤ በዚያ ሁሉ ንዴት ጨመቁታ! «ኧረ ወየው!» አለ የሺዋስ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የእግሩ መዳፍ ግን ብድግ አለ፣ ጣቶቹም ወደ ሰማይ ተቀሰሩ። ደግመው ጨመቁት፤ ደግሞ ብድግ አለ።

«ጅማቱ ደህና ከሆነ እግሩ እንዲህ ይታዘዛል። አሁን ደግሞ እርስዎ ይተኙ። የኔታ ይጭመቁዎት፤ እሳቸው ለማንም አያደሉም።»

አባቷ በሆዳቸው ተኝተው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠመዘዙ። የኔታ መቋሚያቸውን አስቀምጠው ቀኙን ባት ጨመቁ፤ መዳፉ ታዘዘ። ግራውን ጨመቁ፤ ወይ ፍንክች!

«ጠበቅ ያድርጉት እንጂ፣ የኔታ!»

«ኧረ ጣቴ ሊቆረጥ ነው፣ አያ ሃብቴ!»

ፍንክች የለም። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ተነሥተው ተቀመጡና አውራ ጣታቸውን ከተረከዛቸው በላይ አሳረፉ። ቀኙን ዳሰሱ፣ ግራውን ዳሰሱ። ግራው ላይ ጣታቸው ስምጥ ብሎ ገባ። እስከዳር ፊታቸውን ታያለች።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ገመዱ የለም። ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ዱላ ቢሆንማ ቆዳው ይናገር ነበር።»

እልል ያለችው ማን እንደሆነች አልታወቀም። ዱላ የሰበቀው ሁሉ ዱላውን አወረደ። እስከዳር ግን ለደስታ ጊዜ አልነበራትም። «ዱላህን ወዲህ በል!» አለችው የሺዋስን። የአባቷን ጣቶች ወደ ታች ቀስራ፣ ዱላውን ከፊት በኩል ከቅልጥማቸው ጋር አጋድማ፣ ቆልመም ያለውን ጫፍ የእግራቸው ጀርባ ላይ አሳርፋ፣ ከወደቀበት ባነሣችው ነጠላዋ ጥብቅ ሳታደርግ አሰረችው። «እግርዎ መሬት እንዳይነካ! አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«ጄሶ ሊያስሩብኝ ነዋ!» አሉ። «እኔን! ስንቱን ጄሶ ያስጣልኩትን ሰውዬ!»

የሺዋስ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው፤ አዘላቸውና ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ። እስከዳር የአባቷን ጫማ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ጅማቱስ ታወቀ፤ የተነሣው ቃል ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ስለ ሠርጉ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ አባቷ ከየሺዋስ ጀርባ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ ልጄ» አሉት። «የሠርጋችሁ ለት ጉልበቴን ልትስም ስትመጣ በቀኙ በኩል ና። ግራውን ይህች ነርስ ማንም እንዳይነካው ብላለች።»