የዳኛው ወገብ

ሹፌሩን የሚያውቀው ሁሉ ጋሽ ጥጤ ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ጥጤነትን ያተረፈለት አነዳዱ ነው። እሱ መሪ ሲይዝ የተቀመጠው ሰው መንገድ ላይ መሆኑን ይረሳል፤ የጠገበ ሕፃን ታቅፈህ ብትገባ ሳያስመልሰው ያደርስሃል ይባልለት ነበር። ወሬው ትንሽ ተጋንኗል፤ ግን ትንሽ ብቻ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳው አንድ ሰው ነው፤ ዳኛውን። ዳኛው በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ዓይን ዓይኑን እያዩ የፈረዱበት፣ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ችሎቱ ትንፋሹን የሚውጥላቸው ሰው ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት መቀመጥ የተረፋቸው የወገብ በሽታ ነው። ሁለት ዲስካቸው ተንሸራቶ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ከመንገጫገጭም እንዲጠበቁ ነግሯቸዋል። ከመንገጫገጭ የሚጠብቃቸው ደግሞ ጋሽ ጥጤ ነው።

ጡረታ በወጡ ዕለት ቤታቸው ግብዣ ነበር። ዳኛው ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ሳለ የሹፌራቸውን እጅ ይዘው፣ «እኔ ካልሞትኩ ወይም እሱ ራሱ በቃኝ ካላለ በቀር፣ ከዚህ ሰው ሌላ መሪ የሚይዝልኝ የለም» አሉ። ጋሽ ጥጤ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሚስቱም «ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ እኚህን ሽማግሌ እንዳታስቀይማቸው» አለችው። ማን ማንን እንደሚያስቀይም ያኔ ማን ያውቃል።

ባለፈው ዓመት የዳኛው ሴት ልጅ ለአባቷ አዲስ መኪና አስመጣችላቸው። የኤሌክትሪክ ናት፤ ጥቁር፣ በሯ በራሱ የሚዘጋ፣ የኋላ ወንበሯ ጀርባ የሚያሽ፣ ሠርገኛ እንኳ የማይጠግባት ዓይነት። ከወለሏ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ብቻውን የአንዲት ትንሽ መኪና ያህል ይከብዳል ተብሏል። ያን ሁሉ ሸክም የሚችለው እንደ ድሮው የብረት ሞላ ሳይሆን በአየር የሚሠራ ሞላ ነው፤ ሲያሻ ይለሰልሳል፣ ሲያሻ ይጠነክራል። ዳኛው በመጀመሪያው ቀን «ለስላሳው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ስክሪኑን አትንካብኝ» አሉት። ጋሽ ጥጤ የድሮ ትምህርት ቤት ሹፌር ነው፤ የአሠሪን ወንበር፣ ሬዲዮና መጋረጃ አይነካም። ስክሪኑንም ከሬዲዮው ጋር ቆጠረውና ዳግመኛ ጣቱን አላስጠጋውም።

አምስት ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የመኪናዋ ፀባይ ተለወጠ። ከግቢው ወጥቶ የመጀመሪያውን የአስፋልት ስንጥቅ ሲያልፍ አንድ ነገር ከመቀመጫው ተነስቶ እስከ ጥርሱ ድረስ ነዘረው። ሞተሩ የሚጮህ መኪና ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ ይሸፍነው ነበር፤ በዚህች ጸጥተኛ መኪና ውስጥ ግን እያንዳንዷ ጠጠር ለብቻዋ ትሰማለች። መኪናዋ ጉድጓድ ሲያጋጥማት መዋጧን ትታ መንጠር ጀመረች። ከኋላ ዳኛው «ኧረ ወገቤን» አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ወንበር እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም።

መኪና ሲንገጫገጭ መንገዱን የሚሳደብ መጥፎ ሹፌር ነው፤ ጥሩው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ጋሽ ጥጤም ራሱን ጠረጠረ። የጎማውን ንፋስ በየጠዋቱ ለካ፤ ልክ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤት እስከ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት እስከ ዳኛው ክበብ ያለውን መንገድ በእግሩ እየሄደ የጉድጓዶቹን ቦታና ጥልቀት አንድ በአንድ አጠና። ፍሬኑን በስሱ ልርገጥ ብሎ ጫማውን አውልቆ በካልሲ መንዳት ጀመረ። ይህን ያዩ ጥበቃዎች ጋሽ ጥጤ ምንጣፍ ላይ ሊተኛ ነው ብለው ሳቁበት። ዓይኑን ተመረመረ፤ ሐኪሟ ከዕድሜው የተሻለ እንደሚያይ ነገረችው። ያ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠው፤ ዓይኑ ደህና ከሆነ የተበላሸው እጁ ነው ማለት ነዋ።

ዳኛው ከኋላ ማቃሰታቸውን አላቆሙም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በመጣ ቁጥር ጋሽ ጥጤ ወደ ኋላ ማሳያው መስታወት እያየ የሳቸው ፊት ሲጨማደድ የሱም አብሮ ይጨማደዳል። ጋራዥ ልውሰዳት ቢላቸው፣ መኪናዋ አዲስ ናት፣ ምንም የላትም ብለው ከለከሉት። አንድ ቀን ግን አልቻለምና ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ሞላው ለስላሳው ላይ ነው አይደል?»

«እሱ ላይ ነው። መኪናዋ ያችው ናት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ዕድሜ ነው ወንድሜ፤ ሁላችንም እናረጃለን» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ለመጠርጠር ምን ቀረው? ደግሞም እሑድ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው የዳኛው አማች ነበር። ይህ አማች ከሥራ ከተሰናበተ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቀን ከሌት ስልክ ይነካካል፣ ሲነዳ ግማሽ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ዳኛው ግን እሑድ ማታ እሱ ከነዳት ከዚችው መኪና ሲወርዱ ሳቅ ብለው፣ ወገባቸውን ሳይዙ ነው። ሰኞ ጠዋት አማችየው ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ምን አድርገሃት ነው ጋሽ ጥጤ? ትናንት እኮ እንደ ጀልባ ነበር የምትንሳፈፈው። ጥጡ ድንጋይ ሆነ እንዴ?» አለው። ጋሽ ጥጤ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ማታ ሚስቱ እግሩን በሞቀ ውኃ እያሸችለት «አረጀሁ መሰለኝ» አላት። ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ከከረመ በኋላ ደብዳቤ ጻፈ። በእጁ ነው የጻፈው፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ በሦስተኛው ተሳካለት። አቅሜ ደክሟል፣ እርስዎን ከማሳምም በቃኝ ማለት ይሻለኛል፣ ስላደረጉልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል። ዳኛው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። አቅፈውት፣ «እኔ ቃሌን አላጠፍኩም። አንተ ነህ የተውከኝ፤ ግን አልቀየምህም» አሉት። እሱም ይቅርታ ጠየቃቸው። አዎ፣ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

በመጨረሻው ቀን መኪናዋን ለሚቀጥለው ሹፌር ሳያስመረምር ማስረከብ ሕሊናው አልፈቀደለትም። ያደረ ልማድ ነው፤ የሚረከበው ሰው ከነበሽታዋ ተቀበልኩ እንዳይል። ዳኛውን ሳይጠይቅ፣ የሰርቪስ ጊዜዋ ደርሷል ብሎ ለዘበኛው ተናግሮ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወደሚሠራበት ጋራዥ ወሰዳት። የተቀበለችው ባለሙያ ቱታ የለበሰች፣ ከልጁ የማትበልጥ ወጣት ናት። ከመሪው ሥር ሽቦ ሰክታ ላፕቶፗን ከፈተች። እሱም ስለ ሞላው፣ ስለ ነዘረው ነገር፣ ስለ እሑዱ ተአምር ሳይቀር ነገራት።

እሷ አልሳቀችም። «ሞላዋ ጤነኛ ናት አባባ» አለችው። «ግን በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በስልክ ጠንካራው ላይ ትደረጋለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ለስላሳው ትመለሳለች። እሑድ ብቻ ማንም አይነካትም። ይኸው፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ።»

ጋሽ ጥጤ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። እጁ አልተበላሸም! ያ ስልክ ሲነካካ የሚውለው አማች መሆኑን ወዲያው አወቀ፤ ቦታውን ፈልጎ ሽማግሌውን እያሳመመ ኖሯል። ሮጦ ሄዶ ሊነግራቸው፣ ደብዳቤውን ሊቀድ፣ እሳቸውም ሊቆጡለት፣ ሁሉም በአንድ አፍታ በሐሳቡ አለፈ። አማቹ በስልኩ ይሆን የሚያደርገው ብሎ ጠየቃት።

ልጅቱ ስክሪኑን ወደሱ አዞረችለት። መኪናዋን በስልክ ማዘዝ የሚችለው አንድ ስልክ ብቻ ነው አለችው፤ የባለቤቱ።

የባለቤቱን ስልክ ጋሽ ጥጤ ያውቀዋል። ከዳኛው የደረት ኪስ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲተኙ እንኳ ትራሳቸው ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ቆመው፣ በአንድ ጣት እየነካኩ «ዜና ልይ፣ ጠብቀኝ» ይሉት ነበር። ሁለት ሦስት ቀን መነጽራቸውን ከመኪናው አውጥቶ ያቀበላቸውም እሱ ራሱ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለውን ተረት ስንት ጊዜ ለሰው አውርቶታል፤ በራሱ ላይ ሲደርስ ግን ተረቱም ጠፋበት። የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ውኃ አመጣችለት፤ ይዞት ቆየና ሳይጠጣው መለሰላት።

ተመልሶ ሲገባ ዳኛው ወገባቸው ሥር ትራስ አድርገው ሳሎን ተቀምጠዋል። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሽ ጥጤ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ደብዳቤዬን ይመልሱልኝ።»

«ምነው?»

«መኪናዋን ጋራዥ ወስጄ አስመረመርኳት።»

ዳኛው የልጅ ልጄ ስልኬን ሲጫወትበት ይሆናል ቢሉት ያምናቸው ነበር፤ እንዲያውም እንዲሉት ቸኩሎ ነበር። እሳቸው ግን ማስረጃ መቼ እንደሚሞላ ዕድሜ ልካቸውን ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልካዱም።

«ያምዎት ነበር ወይስ ያስመስሉ ነበር?» አላቸው።

«ያመኝ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።»

«እና ለምን?»

ዳኛው ትራሱን ከወገባቸው ሥር ጎትተው አወጡት። ልጃቸው ባሌ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ እንዴት ባዕድ ይነዳሃል እያለች መቀመጫ መቆሚያ እንዳሳጣቻቸው፣ እሱን ደግሞ ሂድ ማለት እንዳቃታቸው ነገሩት። «ሰው ሁሉ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «አንተ በቃኝ ካልክ ግን ቃሌ አይፈርስም።»

ጋሽ ጥጤ ያን የግብዣ ቀን አሰበ። ወይም እሱ ራሱ በቃኝ ካላለ። እሱ ፍቅር መስሎት ያለቀሰበት ነገር፣ ለካ መውጫ በር የተበጀለት ውል ኖሯል። ለስንቱ የዕድሜ ልክ ፍርድ ሲያነቡ ምላሳቸው ያልተንተባተበው ሰው፣ ለሱ ሁለት ቃል አጥሯቸው፣ በገዛ ወገባቸው ላይ ስድስት ሳምንት ፈረዱ።

«አንድ ቀን ጠርተው፣ ይብቃህ ቢሉኝ ጉልበትዎን ስሜ እሄድ ነበር» አለ። «እጄን አስጠሉኝ። ዓይኔን አስመረመርኩ። ለሚስቴ አረጀሁ አልኳት። መኪናዋ ያችው ናት ሲሉኝ፣ ከራሴ እጅ ይልቅ እርስዎን አመንኩ።»

ዳኛው ወለሉን እያዩ ነበር።

«ደብዳቤዬን ይስጡኝ። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እኔ አላፈርስልዎትም። ካፈረሱት ራስዎ ያፍርሱት።»

ዳኛው በመጨረሻ ወረቀቱን አንስተው ዘረጉለት። እሱም ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተና ጠበቀ። ከውጭ የአማችየው የስልክ ሳቅ ይሰማል።

«እንግዲህ» አሉ ዳኛው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… ከነገ ጀምሮ አትምጣ።»

ጋሽ ጥጤ ይህን ከሰማ የሚቀለው መስሎት ነበር። አልቀለለውም፤ እንዲያውም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አይሉትም ብሎ ተስፋ ያደርግ እንደነበር ያወቀው ከሰማ በኋላ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ።

«ጥጤ» አሉት ከኋላው። «ለሰው ግን፣ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ እንበል። ለሁለታችንም ክብር ነው።»

ዞር ብሎ አያቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በመስታወት ነበር የሚያያቸው፤ አሁን ፊት ለፊት ሲያያቸው አንድ ትራስ የታቀፈ ሽማግሌ ናቸው።

«ለሰው የፈለግከውን በል» አለ። «ሚስቴ ስትጠይቀኝ ግን፣ አባረረኝ እላታለሁ።»