ሽምብራ የሚያክሉ ፑሌጃዎች

አዩብ ነስሩ ሲኒማ ራስ አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣል። እሁድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ቁርሱን እንደበላ በረንዳው ላይ አሮጌ ጠረጴዛ ያወጣና ትንሽ የእንጨት መርከብ ይሠራል።

ነገሩ የጀመረው ዕቃ ለማስለቀቅ ጅቡቲ የሄደ ጊዜ ነው። ወደቡ ዳር ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ አየና ፎቶ አነሳው። ሲመለስ ፎቶውን ለሚስቱ ለሰዓደት አሳይቶ፣ እንደዚህ ያለ በትንሹ እሠራለሁ አላት። ሰዓደት ሳቀች፤ ባሏ እቤት ውስጥ አንዲት ሚስማር መትቶ አያውቅም።

ግን ሠራ። ጎጃም በረንዳ ከሚያውቀው ነጋዴ ብርጭቆ የመጣበትን የእንጨት ሳጥን ለምኖ አመጣ። ጣውላውን በሰጌቶ ምላጭ በስሱ እየሰነጠቀ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ቁራጮቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በድስት ወገብ ላይ እያጎበጠ የመርከቧን ጎን አወጣ። ኮላው እስኪደርቅ አጣብቆ የሚይዝለት መሣሪያ ስላልነበረው የሰዓደትን የልብስ መቆንጠጫ ጠራርጎ ወሰደ። የታጠበ ልብስ በነፋስ እየተነሳ ጎረቤት ግቢ ሲገባ ሰዓደት አጉረመረመች እንጂ አልከለከለችውም። መርከቧም ቀስ በቀስ ቅርጽ ያዘች፤ ምሰሶዋ ቆመ።

የቀሩት ፑሌጃዎቹ ነበሩ፤ የሸራው ገመድ የሚሾልክባቸው፣ ሽምብራ የሚያክሉ እንጨቶች። አዩብ የሚያወጣቸው ከወይራ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ እንጨቱን ቀጭን ዘንግ ያደርገዋል፤ ገመድ የሚያርፍበትን ቦይ በሞረድ ያወጣለታል። ከዚያ መርፌ የምታክል የትራፓኖ ፑንታ በጣቶቹ እያሽከረከረ ይበሳውና በመጨረሻ እየቆራረጠ ይለየዋል። የመጀመሪያዎቹ አማሩለት። ክረምቱ ሲገባ ግን ፑንታዋ እንጨቱ ላይ መዝለል ጀመረች። አንዱ ተሰነጠቀ። ሌላ ሲሞክር ፑንታዋ ራሷ ተሰበረች። ቀኝ እጁን አየው። ጣቶቹ በስሱ፣ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ።

የአዩብ አባት ሐጂ ነስሩም በሽታው የጀመራቸው በቀኝ እጃቸው ነበር። መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ አቃታቸው፤ ቆይቶ መራመድ። በመጨረሻ አዩብ ራሱ ነበር የሚያጎርሳቸው። ስለዚህ ማንንም አልጠየቀም። መርከቧን ቁም ሳጥን ላይ አውጥቶ አንሶላ አለበሳት። መቆንጠጫዎቹን አጥቦ ለሰዓደት መለሰላት። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ መቁረጡን ለሠራተኞቹ ተወ፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መያዝ ጀመረ።

ሰዓደት መጀመሪያ መርከቧ የሰለቸችው መስሏት ነበር። ውሎ አድሮ ሌላ ሌላውን አየች። ባሏ ከድሮው የበለጠ እየበላ ሱሪው ከወገቡ ይወርዳል። በሐምሌ ብርድ መስኮት ይከፍታል፤ ብርድ ልብሱን ይጥላል። ስትጠይቀው ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላታል። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ሱቅ ሄደች። ሻዩን ሲያነሳ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ቶሎ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

"እጅህን አሳየኝ" አለችው።

"ምንም አልሆነም።"

"አሳየኝ፣ አዩብ።"

ዘረጋላት። ሁለቱም አዩት።

"የአባቴ ነው" አለ።

"ሐኪም ነግሮህ ነው?"

"ሐኪም ምን ይነግረኛል? እኔ እኮ ነኝ ያስታመምኳቸው።"

ሰዓደት የፈሰሰውን ሻይ ጠረገች። ከዚያ፣ ነገ ሱቁን ለሠራተኞቹ ትተህ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አለችው። ሊከራከራት አቅም አላገኘም።

ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር በለጥሻቸው የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። እጆቹን ፊት ለፊት እንዲዘረጋ ነገረችውና በጣቶቹ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች፤ ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ቀጥላ እጆቹን ጭኑ ላይ እንዲያሳርፍ አደረገችና አርፈውም ይንቀጠቀጡ እንደሆነ አየች። ስለ አባቱ ጠየቀችው። ሙቀት ይሰማው እንደሆነ፣ ልቡ በኃይል ይመታ እንደሆነ፣ ከስቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ለሁሉም መልሱን የሰጠችው ሰዓደት ናት። ዶክተሯ ውሃ እንዲውጥ አድርጋ አንገቱን ዳሰሰችና ለምርመራ ደም እንዲሰጥ ላከችው።

ውጤቱ እስኪደርስ አዩብ ሱቅ መሄዱን አልተወም። ደንበኛ ሲያናግረው ግን ሐሳቡ እቤት ነበር። ያስታመማቸውን አባቱን ትቶ አሁን የሚያስበው ነገ እሱን ራሱን ስለሚያስታምመው ሰው ነው።

ውጤቱ የደረሰ ቀን አብረው ገቡ። ዶክተር በለጥሻቸው ገና ከመቀመጣቸው ተናገረች።

"አቶ አዩብ፣ ይህ የአባትዎ በሽታ አይደለም።"

አዩብ የሰማ አልመሰለም። አንገቱ ፊት ለፊት ያለች ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራች መሆኗን፣ ልቡን የምታጣድፈውም፣ የምታከሳውም፣ ጣቶቹን የምታንቀጠቅጠውም እሷ መሆኗን አስረዳችው። የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ደሙን እየተመረመረ ይከታተላል። አዩብ እንድትደግምለት ለመናት። ደገመችለት።

"እጄስ?" አላት።

"ይረጋል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይረጋል።"

ወጥተው ደረጃው ጋ ሲደርሱ አዩብ ቁጭ አለ። ሰዓደት ያመመው መስሏት ደነገጠች፤ ቀና ሲል ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። "አልሐምዱሊላህ" አለ ደጋግሞ።

በሚኒባስ አብነት ሰፈር ደርሰው ወረዱና በእግራቸው ወደ ሱቅ አመሩ። አንድ ተሸካሚ በጆንያው ገጨውና አለፈ። አዩብ ይቅርታ የጠየቀው ራሱ ነበር፤ እየሳቀ። ለካ እርቦታል። መንገድ ዳር ካለች ቤት ገብተው ፉል አዘዙ፤ እየበላ ሁሉንም ነገራት። ያስፈራው መሞት እንዳልነበር፣ ያስፈራው እሷ ስታጎርሰው ማየት እንደነበር ነገራት። ሰዓደት ዳቦዋን አስቀመጠች።

"ይህን ሁሉ ብቻህን ስታስብ እኔ የት ነበርኩ?"

አዩብ ዳቦዋን አንስቶ መልሶ አስያዛት።

"ከእንግዲህ ጣትህን እሾህ እንኳ ቢወጋህ እሰማለሁ" አለችው። እሺ አለ። አኩርፋ ብትቆይም ፉሉን አብራው ጨረሰች።

መድኃኒቱ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ልቡ ሰከነ፤ ከዚያ እንቅልፉ ተመለሰ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ መቆም ጀመረ። እጁ ግን ቀስ ብሎ ነው። አዩብ መርከቧን ለማውረድ ፈራ። በየእሁዱ እንደ ዶክተሯ ጣቶቹ ላይ ወረቀት እያደረገ ያያል፤ ሲርገፈገፍ መልሶ ያስቀምጠዋል። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ወረቀቱ ዝም አለ። ቢጠብቅም አልተነቃነቀም። ተነስቶ አንሶላውን ገለጠ።

በአዲስ ፑንታ የሞከረው የመጀመሪያው ፑሌጃ ንጹሕ ሆኖ ተበሳ። ወደ ብርሃን አቅርቦ በቀዳዳው ውስጥ ሰማዩን አየ። ሁለተኛውም ወጣለት። ሦስተኛው ሲሠራ ቀው ብሎ ተሰነጠቀ። አዩብ ፑንታዋን አስቀምጦ እጁን ተመለከተ፤ ረግቷል። ስብርባሪውን ሲያገላብጠው ውስጡ የቅርንጫፍ ጉጥ አለበት። ብቻውን ሳቀ። ሰዓደት ሳቁን ሰምታ ወጣች።

"ምን ተገኘ?"

"እንጨቱ ነው" አላት ስብርባሪውን እያሳየ። "የእንጨቱ ጥፋት ነው፤ የእኔ አይደለም።"

መጀመሪያ አልገባትም፤ ረግቶ የተዘረጋውን እጁን ስታይ ገባት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ፑሌጃዎቹ ምሰሶው ላይ ከታሰሩ በኋላ ገመድ የሚሆነውን ክር ጫፉን በሰም አሹላ እሷ አሾለከችባቸው። ሸራው ከሱቁ የተረፈ ነጭ መጋረጃ ነው። ክሩን ስትስበው ተጣጥፎ የነበረው ጨርቅ እየተዘረጋ ወደ ምሰሶው ጫፍ ወጣ። ለቀቀችው፤ ወረደ። እንደገና ሳበችው። አዩብ ይበቃል፣ ይበጠሳል ቢላትም አልሰማችውም።