አንዲት አረፋ

ጡረተኛው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ፤ ከሶፋው ተነሡ፤ የሹራባቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቤተሰቡ ሰው የሞተ መስሎት ጸጥ አለ።

"ከነገ ጀምሮ" አሉ፣ "የመኪናችን የውሃ ታንክ ብረት ይሆናል።"

ሁሉም የሚከተል ነገር ያለ መስሎት ነበር። የሚከተል ነገር አልነበረም።

"ይኸው ነው?" አሉ ባለቤታቸው፣ ከሚሰፉት መጋረጃ ቀና ሳይሉ።

"ይኸው ነው።"

"እኔ ደግሞ ጣውንቴ አረገዘች ልትለኝ ነው ብዬ።"

ጣውንቴ የሚሏት መኪናዋን ነው። ጡረተኛው ለሷ የሚያሳዩትን ርኅራኄ ለማንም አሳይተው አያውቁም ይላሉ። ስታስነጥስ ይደነግጣሉ፤ ሲዘንብ ያለብሷታል፤ ቆማ ስትውል "ምን ሆና ነው?" ብለው ይወጣሉ።

የተነገረለት የውሃ ታንክ ከሞተሩ ጎን የሚቀመጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ሲሞቅ ወደሱ ይሸሻል፣ ሲቀዘቅዝ ከሱ ይመለሳል። ድሮ ነጭ ነበር፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከውጭ ይታይ ነበር። አሁን እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኖ፣ በጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጡረተኛው ስንጥቁን በሙጫ፣ ሙጫውን በፕላስተር፣ ፕላስተሩን መልሰው በሙጫ ደፍነውታል። በይፋ ግን አይፈስም ነበር።

"ላብ ነው" ይሉ ነበር። "ሰው ያልበዋል፤ መኪናን ሲያልባት ለምን ይገርማል?"

ማለዳ ማለዳ "ንፋስ ልቀበል" ብለው ይወጡና፣ ካፖርታቸው ሥር በደበቁት ማንቆርቆሪያ የጎደለውን ይሞላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲወጡ ውሃው ትናንት ከተዉት በላይ ሆኖ ያገኙታል። ዕድሜ ልካቸውን የነጋዴ ሚዛን ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያለ ምክንያት ከፍ የሚል ነገር ሲያዩ መጠርጠር ነበረባቸው። አልጠረጠሩም። የጨዋ መኪና ጠባይ ነው ብለው አለፉት።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ወር ነው። ዳገቱ አናት ላይ ወደምትኖረው ወደ ባለቤታቸው እኅት ቤት ሲሄዱ መኪናዋ መንገድ ላይ ጨሰች። ጢሱ ሲወፍር ከኋላ የሚመጡት መኪኖች መብራት አበሩ። ባለቤታቸው ከጢሱ ውስጥ ወጥተው ፍርድ ሰጡ።

"አንድ ጊዜ ደግማ ብትጨስ ለሴራሚክ ነጋዴው ትሸጣለች። አለቀ።"

ሴራሚክ ነጋዴው ጎረቤት ነው፤ መኪናዋን ከከጀላት ቆይቷል። ፍርዱን በሰማ ማግሥት የራሱን ግቢ በር ስፋት በሜትር ሲለካ ታይቷል።

ለሌላው ሰው መኪና መሸጥ መኪና መሸጥ ነው። ለጡረተኛው ግን እንዲያ አልነበረም። ሥራ ካቆሙ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኗል፤ ወለል ሲወለወል "እግርህን አንሣ" ይባላሉ። ያነሣሉ። ቅዳሜ ብቻ ነገሩ ይገለበጣል። ቁልፏን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ "መቼ ነው የምንሄደው?" "በየት በኩል ነው የምንሄደው?" ይባላሉ። መሪውን ጨብጠው "ቀበቶ!" ሲሉ ባለቤታቸው እንኳ ቀበቶ ያስራሉ። ይህች መኪና ከሄደች የሚቀራቸው ሶፋውና እግራቸው ነው።

ስለዚህ አማቻቸውን ጠሩ። የልጃቸው ባል ከታችኛው መንገድ በርና መስኮት የሚበይድ፣ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"ታንክ ሠርተህ ታውቃለህ?" አሉት።

"አባባ፣ ታንክ ማለት ምንድን ነው? ከስድስቱም ወገን የተዘጋ በር ነው።"

ጡረተኛው መልሱ ጥልቅ መሰላቸው።

አማቹ ከደረጃ መደገፊያ የተረፈ፣ የማይዝግ ወፍራም ቱቦ ቆረጠ። ሁለቱን ጫፍ በላሜራ ደፈነ። የውሃ ጎማዎቹ የሚገቡባቸውን አፎች በየቦታቸው በየደ። ከሞተ ራዲያተር ላይ የክዳኑን አንገት ቆርጦ አናቱ ላይ ተከለ፤ የድሮው ክዳን ልክክ ብሎ ገጠመ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን እጁ ለምዶበት፣ በየግቢው በር ላይ የሚያደርጋትን አበባ ከታንኩ ሆድ ላይ በየዳት።

"ይቺ ምንድን ናት?" አሉ ጡረተኛው።

"አበባ ናት።"

"ኮፈን ተዘግቶባት ማን ሊያያት?"

"አባባ፣ ሥራዬ ሁሉ ላይ አለች። ያለሷ ከሰጠሁዎ የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል።"

ፍተሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ተካሄደ። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውሃ ተሞላ፤ ታንኩ አፎቹ ተደፍነው ተነከረ፤ በአንዱ ቀዳዳ የጎማ መንፊያ ተሰካ። ጡረተኛው ይነፋሉ፤ አማቹ አጎንብሶ ያያል። ባለቤታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ልብስ ያሰጣሉ።

"ንፉ... ንፉ... አለ?"

"አንተ ነህ የምታየው፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ!"

"የለም። ድርቅ ያለ ሥራ ነው።"

በዚህ ቅጽበት ከአበባዋ ቅጠል ሥር አንዲት አረፋ ወጣች። የመርፌ ጭንቅላት ብታህል ነው። ቀስ ብላ ከፍ አለች፤ ውሃው ላይ ተቀምጣ ግራ ቀኝ የምታይ መሰለች፤ ፈነዳች።

ሁለቱም አዩዋት። ሁለቱም እንደተያዩ አዩ።

"ሳሙና ነው" አለ አማቹ።

"ሳሙና ነው" አሉ ጡረተኛው። "ሳፋው የልብስ አይደል።"

"የልብስ ነው እንጂ።"

እንደገና ለመበየድ አበባዋን መፍጨት ያስፈልግ ነበር፤ አማቹ አበባዋን ከሚፈጭ ጣቱን ቢፈጭ ይመርጣል። ጡረተኛው ደግሞ ነገ ቅዳሜ መሆኑን ያውቃሉ። ታንኩ ከሳፋው ወጣ፤ በፎጣም ተጠረገ። ባለቤታቸው ያንኑ አንድ አንሶላ ሲሰቅሉ ሲያወርዱ፣ ሲሰቅሉ ሲያወርዱ ነበር።

የድሮው ታንክ መውጣት አላስቸገረም። አማቹ የጎማዎቹን ማሰሪያ ፋሸታዎች ፈቶ ጎማዎቹን ሲስብ፣ ፕላስቲኩ እጁ ላይ እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። ላብ ነው የተባለለት ነገር በመዳፍ ታፍሶ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለ። ብረቱ ቦታውን ያዘ፤ አንጸባረቀ። አበባዋ ወደ ላይ ቀና ብላ ባለቤቶቿን አየች። ውሃ ተሞላ። ያን ጊዜ ልጃቸው አንድ ጥያቄ አነሣች።

"ውሃው መጉደሉ በምን ይታወቃል? ውስጡ አይታይም እኮ።"

ማንም አላሰበበትም ነበር። የአማቹ አፍ ግን "አላውቅም" አይልም።

"ይንኳኳል" አለ። "ሙሉ ሲሆን ዱብ ይላል፣ ሲጎድል ኳ ይላል።"

ሁሉም በየተራ አንኳኳ። ጡረተኛው በጆሯቸው ተጠግተው አንኳኩና "ሙሉ ነው" አሉ። ልጃቸው አንኳኳችና "ግማሽ ነው" አለች። አማቹ በካቻቢቴ እጀታ አንኳኳና ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ አስረዳ።

"ማንኳኳቱ ካልቀረ" አሉ ባለቤታቸው በመስኮት፣ "'ማነው?' የሚል ሰው ውስጡ አስገቡበት።"

በማግሥቱ ጉዞ ሆነ። ጡረተኛው ከሁሉም ቀድመው ወጥተው፣ አረንጓዴዋን ጀሪካን በዝናብ ልብስ ጠቅልለው ከመቀመጫቸው ሥር አስገቧት። ታንኩን ተጠራጥረው አይደለም። ያቺ አረፋ ግን ሌሊቱን በሕልማቸው ሁለቴ ፈንድታለች።

አማቹ የኋላውን ሻንጣ ከፍቶ ከትርፍ ጎማው ጋር ሲታገል አገኙት።

"ምን ፈለግህ?"

"ንፋሷን ልይላት ብዬ። ትርፍ ጎማ ይረሳል።"

ልጃቸው ትልቁን ፔርሙዝ ታቅፋ ገባች። ባለቤታቸው በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው መጡ።

"ኋላ ላስቀምጥልሽ" አሉ ጡረተኛው።

"ተወው፣ እጭኔ ላይ ይሁን። የእኅቴ ዕቃ ነው፣ የሚሰበር።"

"ቀበቶ!" አሉ ጡረተኛው። ሁሉም አሰረ።

ከተማው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ወሬ በዛ። ስለ መንገዱ ተወራ፤ ስለ አክስት ጉልበት ተወራ፤ ሁሉም ግን የሚያየው የሙቀቱን መርፌ ነበር። መርፌዋ መሃል ላይ ተኝታለች። አንዱ መታጠፊያ ላይ የፀጉር ስፋት ያህል ንቅንቅ ስትል አማቹ ስለ አሉሚኒየም በር የጀመረው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቀረ። መርፌዋ ተመለሰች፤ ዓረፍተ ነገሩም ተመለሰ።

"ልጄ፣ ከዚያ ሻይ ትንሽ ቅጂልኝ" አሉ ጡረተኛው፣ ፍርሃታቸውን በሆነ ነገር ለመዋጥ።

"ስንደርስ አባዬ።"

"ትንሽ ብቻ።"

"አባዬ፣ እየነዳህ ትኩስ ነገር!" አለችና ፔርሙዙን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ባለፈው ወር የጨሰችበትን ቦታ አለፉ። ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ጡረተኛው ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ወረዱ፤ ኮፈኑን ከፈቱ። ሁሉም ወርዶ ከበበ። ታንኩ ደረቅ ነው፤ አበባዋ ደረቅ ናት። ጡረተኛው ሹራባቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንዲት ጠብታ!" አሉ። "አንዲት ጠብታ የለም! እኔ እንኳ ለደቂቃ ተጠራጥሬ አላውቅም።"

"ሥራዬን አውቀዋለሁ" አለ አማቹ። "እንዲያውም ሲያንሰኝ ነው።"

ባለቤታቸው ቅርጫታቸውን እንደታቀፉ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እንግዲህ ለሴራሚክ ነጋዴው ምን እንደምለው እንጃ። ስትጨስ አይቼ ልገላገላት ነበር ተስፋዬ። ዕድሌ ነው።"

ጡረተኛው መልስ ሊሰጡ ሲሉ፣ ከፊት ካለው መታጠፊያ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ከበስተኋላው ፍራሽ እስከ ሰማይ የተቆለለባት ፒክአፕ ቆማ ትጨሳለች።

"እባካችሁ፣ በእግዜር! ውሃ ይኖራችኋል? ፕላስቲኩ ተተርትሮብኝ ሞተሩ ሊቃጠልብኝ ነው!"

ሰው ሲቸገር አይቶ ዝም የሚል በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አልነበረም። ጣጣው እሱ ሆነ። ጡረተኛው ወደ መቀመጫቸው ሥር ጎነበሱ። አማቹ ወደ ትርፍ ጎማው ሮጠ። ልጃቸው የፔርሙዙን ክዳን ፈታች። ባለቤታቸው ጨርቁን ከቅርጫቱ ላይ ገፈፉ።

ከዚያ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።

አረንጓዴዋ ጀሪካን፤ አማቹ እጅ ላይ እስከ አንገቱ ውሃ የሞላ የዘይት ጋሎን፤ ጢስ የማይወጣው፣ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚንጠባጠብበት ፔርሙዝ፤ ቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ እንዳይጋጩ በመጋረጃ ቁራጭ የተጠቀለሉ፣ እንደ ተማሪ የተሰለፉ የውሃ ጠርሙሶች።

የፍራሹ ሰውዬ አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ።

"ውሃ ነው እንዴ የምትሸጡት?" አለ።

አማቹ አበባዋን ያያል። ልጅቱ ጫማዋን ታያለች። ሰውዬው መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውምና የቀረበውን ጠርሙስ ከቅርጫቱ መንጭቆ ወደ ፒክአፑ ሮጠ፤ ክዳኑን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ባለቤታቸው ጮኹ።

"ተው! በአንዴ አትክፈተው፣ ፊትህን ይገሸልጥሃል!"

ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ደረሱበት። ከጠርሙሶቹ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አወጡ።

"በዚህ ያዘው። ሩብ ዙር ብቻ። ቁም፤ ትንፋሿ ይውጣ... ይውጣ እንጂ። አሁን ጨርሰህ ክፈት። ሞተሯን አታጥፋት። ውሃውን በቀጭኑ፣ እንደዚህ፣ በጎን በጎን።"

"እናቴ፣ የት ለመዱት?" አለ ሰውዬው።

ባለቤታቸው ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ።

ጡረተኛው ጀሪካናቸውን እንደያዙ ከኋላቸው ደርሰው ነበር። ጨርቋን አወቋት። ካለፈው ክረምት በፊት ከቁም ሳጥን የጠፋችባቸው ሸሚዝ እጅጌ ናት። ዳር ዳሯ በሞተር ጥላሸት ጠቁሯል፤ የአንድ ቀን ጥላሸት አይደለም።

"ማለዳ ማለዳ..." አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የጉሮሮ ጠረጋ አልነበረም። "ውሃው ከፍ ብሎ የማገኘው..."

ውሃው ከፒክአፑ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ወደ ጡረተኛው ጫማ አመራ።

"እግርህን አንሣ" አሉ ባለቤታቸው፣ ዞር ሳይሉ።

ጡረተኛው እግራቸውን አነሡ።