ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር

በአሮጌ መኪና አዳሾች ማኅበራችን የጸና አንድ ደንብ አለ፤ መኪና የምትዳኘው በውበቷ ሳይሆን ከፋብሪካ በወጣችበት ዕለት እንደነበረችው ሆና በመገኘቷ ነው። በሳጊናው ከተማ ዙሪያ ከምንኖር አባላት መካከል ይህን ደንብ እንደ ዴልማር ሃችንስ አጥብቆ የያዘ ሰው አላውቅም። ዴልማር የሥራ ዘመኑን በሙሉ ብረት ከፀጉር በቀጠነ ልክ ሲልግ የኖረ ባለሙያ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሥራው እንጂ እጁ ጡረታ አልወጣም።

መኪናዋ ብርቱካናማ፣ ባለ ሁለት በርና ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። ባለቤቷ ግን ዴልማር አልነበረም። ሚስቱ ኖሪን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም.፣ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጥራ ባጠራቀመችው ደመወዝ አዲስ ሳለች የገዛቻት ናት። ኖሪን እስከ ዛሬ ድረስ “መኪናዬን አይቶ ነው ያገባኝ” ትላለች፤ ዴልማርም አያስተባብልም። ልጆች ሲወለዱ መኪናዋ በጎተራ ውስጥ በሸራ ተሸፈነች፤ ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡም እዚያው ነበረች። ዴልማር ወደ ጋራዡ አስገብቶ እስከ መጨረሻው ብሎን ከፈታታት በኋላ ግን ኖሪን መኪናዋን ሳይሆን የመኪናዋን ዕቃዎች ብቻ ስታይ ብዙ ዓመት አለፈ።

ለዴልማር ዕቃው የፋብሪካው መሆኑ ብቻ አይበቃም ነበር። መኪናዋ ከመገጣጠሟ በፊት በነበሩት ሳምንታት የተሠራ መሆን ነበረበት፤ ይህም በብረቱ ላይ በታተመው ቁጥር ይታወቃል። አንድ ጊዜ ዲናሞ ፍለጋ እስከ ፔንሲልቬንያ ድረስ ነድቷል። ያው ዓይነት ዲናሞ፣ ያውም የሚሠራ፣ በራሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ።

“ያኛው ምን ሆነ?” ብላ ነበር ኖሪን።

“መኪናሽ ከተሸጠች ከስድስት ወር በኋላ ነው የተሠራው።”

“እኔም አንተን ያገኘሁህ ከተሸጠች በኋላ ነው። ልመልስህ?”

በሐምሌ ወር መኪናዋ ተገጣጥማ አለቀች። የቀረው ዳኞች አሮጌ መኪኖችን የሚያወዳድሩበት የመስከረሙ ትርኢት ነበር። ዴልማርም ለብዙ ዓመታት በትርኢት ዳኝነት የሠራውን ወዳጃችንን ሮላንድን አስቀድሞ እንዲመረምርለት ጠራው። ሮላንድ ባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የመኪናዋንም ወለል ከሥር ሆኖ ከዳር እስከ ዳር መረመረ።

“ዴል፣ ይሄን ወለል ማነው የቀባው?”

“እኔ ነኛ። ምነው?”

“በጣም ቆንጆ ነው።”

“አመሰግናለሁ።”

“አታመስግን፤ ክስ ነው።”

ሮላንድ ከሥር ወጥቶ ባርኔጣውን አራገፈና ነገሩን አስረዳው። በዚያ ዘመን ቀለም የሚረጨው ሠራተኛ ጎኑን ብርቱካናማ ሲቀባ፣ ብናኙ ወደ ወለሉ ቡናማ የመሠረት ቀለም እየተንሳፈፈ እንደ ጉም ያርፍ ነበር፤ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይሳሳል፣ አልፎ አልፎም ይንጠባጠባል። የዴልማር ወለል ግን ብርቱካናማውና ቡናማው በማስመሪያ የተለያዩ ይመስል ነበር።

“ያ ሰውዬ’ኮ በደቂቃ አንድ መኪና ነው የሚያልፍበት” አለ ሮላንድ። “ሐሳቡ ምሳው ላይ ነው። አንተ የቀባኸው ሐሳብህ እዚሁ ሆኖ ነው፤ ያስታውቃል። ዳኞቹ ነጥብህን ይሸመጥጡልሃል።”

ዴልማር ይህን ሲሰማ አልተከራከረም፤ ደንቡ ደንብ ነው። በማግስቱ አሮጌ ቆርቆሮዎችን ደርድሮ ግድየለሽነትን ማጥናት ጀመረ። እጁን ዘና አደረገ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ዓይኑን ጨፍኖ ረጨ። ሮላንድ ሊጠይቀው ሲመጣ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ተመለከታቸው።

“ጠብታዎቹን እያቸው እስቲ። በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው።”

“እኩል አይደለም።”

“ለካው።”

ዴልማር መለካት አላስፈለገውም። አሥረኛውን ቆርቆሮ አነሣ።

በዚህ መካከል ኖሪን ሳንድዊች ይዛ ገባች። በግራ እግሯ ስለምታነክስ በዝግታ ነው የምትራመደው። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ወትፋ ከእኅቷ ጋር ስለ አንድ ሰርግ እያወራች ነበር። ሳንድዊቹን አስቀመጠችና የቀለም መርጫውን ከባሏ እጅ ወሰደች።

“ቆይ እስቲ ዶሪስ... አይ፣ እየሰማሁሽ ነው። ሐምራዊ? ለሙሽራ እናት?” እያለች ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ረጨችው። መርጫውን መለሰች። “ሐምራዊ አያምርባትም፤ ንገሪያት።”

ሮላንድ ቆርቆሮውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው፤ ከዚያም ባርኔጣውን አወለቀ።

“ኖሪን፣ ፋብሪካ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?”

“ስልክ ቤት ነው የሠራሁት።”

“ይሄ’ኮ ራሱ የፋብሪካው ነው። እዩት፣ ይሄ ጥግ ጭራሽ ተረስቷል።”

“አሁንማ ስድብ ነው ሙገሳ አልለይ አልኩ” አለች ኖሪን።

ዴልማር ቆርቆሮውን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ለአንድ ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር መለመን እንዴት እንደሚያሳፍር ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

“ኖሪ፣ ወለሉን ቀቢልኝ።”

“እቀባለሁ” አለች። “መጀመሪያ ግን እነዳታለሁ።”

ዴልማር ምክንያቶቹን ይደረድር ጀመር። የተገጠሙት ጎማዎች የዚያው ዘመን ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የቆየ ጎማ መንገድ ላይ ይፈነዳል። አቧራ ከሥር ይገባል። ጠጠር አለ፣ ነፍሳት አሉ፣ ወፎችም አሉ።

“ትርኢቱ ይለፍ እንጂ ከፈለግሽ እስከ ፍሎሪዳ ንጃት። ማን ይከለክልሻል?”

“ከትርኢቱ በኋላ?” አለች። “በየትኛው እግሬ?”

 የኖሪን የግራ ቁርጭምጭሚት ለብዙ ዓመታት ሲበላ ቆይቶ አጥንት በአጥንት ላይ መፋተግ ከጀመረ ሰነባብቷል። ሐኪሟ በነሐሴ መጨረሻ በብረት አጣብቆ ሊያስረው ቀጠሮ ይዟል። ሕመሙ ይቆማል፤ መገጣጠሚያው ግን ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። መኪናዋ ደግሞ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮኗም የጠነከረ ነው። ለስለስ ያለ የዛሬ ዘመን ስፕሪንግ ሊገጠምላት ይችል ነበር፤ ዴልማር ግን የፋብሪካው አይደለም ብሎ እምቢ ብሏል።

ዴልማር የቀጠሮውን ቀን አልረሳም፤ ሐኪሙ ዘንድ የወሰዳትም እሱ ነው። በዚያች መኪና ላይ ያለው እያንዳንዱ ብረት በየትኛው ሳምንት እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ቀን ከዚያ ፔዳል ጋር ጉዳይ ይኖረው ይሆን ብሎ ግን አንድም ጊዜ አላሰበም።

ሮላንድ ከራሱ መኪና የሚያመጣው ዕቃ እንዳለ ተናግሮ ወጣ። እቤቱ እስኪደርስ ድረስ ዕቃውን አላገኘውም።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አለ ዴልማር።

“ነገርኩህ። ከመኪናዋ ሥር ነበርክ። ‘እሺ’ ብለኸኛል።”

በማግስቱ ጧት ዴልማር ከሮላንድ አራት ደህና ጎማዎች ተውሶ ገጠመና ቁልፉን ለኖሪን ሰጣት። ራሱ ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ በካልሲው፣ በጎኗ ተቀመጠ። ኖሪን ካልሲውን አየት አደረገች። ሞተሩን ስታስነሣ የጎረቤቱ ውሻ ከበረንዳው ወርዶ ወደ ጓሮ ሄደ።

በበቆሎ እርሻዎቹ መካከል ወዳለው አስፋልት ወጡ።

“ሦስተኛ አስገቢ” አለ ዴልማር።

“አንተን ሳላውቅህ በፊት ሦስተኛን አውቃለሁ።”

ፍሪሲዮኑን በረገጠች ቁጥር ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

“ያምሻል?”

“ያመኛል። ዝም በል፣ ሞተሩን ልስማበት።”

 መኪናዋ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ስትፈተለክ ወንበሩ የዴልማርን ጀርባ ገፋው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከሠራት ወዲህ በእሷ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር። ኖሪን ክርኗን በመስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሸበቶ ፀጉሯን ነፋስ እየበተነው፣ በሃያ አንድ ዓመቷ እንደምትነዳው ትነዳ ነበር፤ ይኸውም ከሚፈቀደው ፍጥነት በላይ ነው።

ጠጠር የጫነ ገልባጭ ከፊታቸው ገባ።

“ራቂው።”

“እያየሁት ነው።”

ኮፈኑ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። የምስር ፍሬ የምታህል ብርቱካናማ ቀለም ተፈንጥራ የኮፈኑ ግራጫ የመሠረት ቀለም ታየ። ኖሪን ፍጥነቷን ቀንሳ ወደ ባሏ ዘወር አለች። ዴልማር የተላጠችውን ቦታ በፊት መስታወቱ እያየ ነበር። ያቺን ለመሸፈን ኮፈኑ በሙሉ እንደገና መቀባት፣ ከኮፈኑ ጋር ቀለሙ እንዲመሳሰልም መላው ፊቷ መቀባት እንዳለበት፣ እስከ ትርኢቱ ድረስም ያን ለመጨረስ ጊዜ እንደሌለ ያውቃል።

“እንመለስ?” አለች ቀስ ብላ።

ዴልማር ከኮፈኑ ላይ ዓይኑን አንሥቶ መንገዱን አየ።

“ከወዲያ የሚመጣ የለም” አለ። “ሦስተኛ መልሺና ቅደሚው።”

ኖሪን ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠች።

ወለሉን በሳምንቱ ከእኅቷ ጋር ስለ ሰርጉ ምግብ እያወራች ቀባችው። ቀዶ ጥገናው በቀጠሮው ቀን ተደረገ፤ ቁርጭምጭሚቷም ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። በትርኢቱ ዳኞቹ ከወለሉ አንድም ነጥብ አልቀነሱም፤ ከኮፈኑ ግን ቀነሱ፤ መኪናዋም ሁለተኛ ወጣች።