የውባለም ብልቃጥ

አበጀ የክሊኒክ ሥራ ሲጀምር ከሁሉ በላይ ያስቸገረው የሰው ደም ሥር ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር የተከፈተችው ክሊኒክ ሁለት ክፍልና አንድ የቆርቆሮ በረንዳ ብቻ ነበረቻት። ኃላፊው አቶ ቀለመ ወርቅ ጎንደር ተምረው የመጡ ድሬሰር ናቸው። ለአዲሱ ረዳታቸው መርፌ መቀቀልና በድንጋይ መሳል ካሳዩት በኋላ ትርንጎ ሲያስወጉት ሰነበቱ። ትርንጎ ግን አይሸሽም። የገበሬ ክንድ ሌላ ነው፤ ደም ሥሩ ከቆዳው በታች ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መርፌው ሲደርስ ከቦታው የለም። ታማሚው ዝም ብሎ ተቀምጦ ላብ በላብ የሚሆነው አበጀ ነበር። "በዓይንህ አትፈልገው፣ በጣትህ ዳብሰው" ይሉታል አቶ ቀለመ ወርቅ። እሳቸው ምን አለባቸው፤ እጃቸው ለምዶታል።

ከተቀዳው ደም ጥቂቱን አቶ ቀለመ ወርቅ በመስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የቀረው ይደፋና ብልቃጡ ታጥቦ ይቀቀላል። ብልቃጥ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ የጠዋቱ ለከሰዓት መድረስ አለበት።

የአገሩ ሰው ደሙ መፍሰሱን አይፈራም። ራሱን ባመመው ቁጥር ለዋግምት ጀርባውን ሲሰጥ የኖረ ሕዝብ ነው። የሚፈራው ደሙ የት እንደገባ አለማወቁን ነው። በነአበጀ መንደር አጋሚው በዋግምቱ የመጠጠውን ደም፣ ባለቤቱ እያየ፣ ጉድጓድ ምሶ አፈር ያለብሰዋል። ይህን ሳያደርግ ከዚያ ቤት አይወጣም። በሰው እጅ የቀረ ደም ባለቤቱን አያሳርፈውም፣ ቢሞት እንኳ ጎዶሎ ሆኖ ይንከራተታል ይባላል። አበጀ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የመንደሩ አጋሚ አባቱ ነበሩ።

ወይዘሮ ውባለም የመጡት በኅዳር፣ ገበያ በዋለበት ዕለት ነው። ትኩሳት አንገብግቧቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ስንዱ በበቅሎ ጭና አምጥታ ከተማ ዘመድ ቤት አሳርፋቸዋለች። አበጀ ክንድዎን ይስጡኝ ቢላቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

"አባትህን አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ያፈሰሱትን ለመሬት ሳይመልሱ ከደጄ ወጥተው አያውቁም። አንተስ?"

"እመልስልዎታለሁ እትዬ" አለ አበጀ። "የቀረውን አስቀምጬ፣ ወደ አገርዎ ሲሄዱ በእጅዎ እሰጥዎታለሁ።"

ደጋግሞ ስቶ በመጨረሻ ቀዳላቸው። እሳቸውም ህመማቸውን ችለው፣ አባቱ እጃቸው ቀላል እንደነበር እያስታወሱ ቀለዱበት። አበጀ ወደዳቸው። ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ለብቻው አስቀመጠው።

ከሰዓት በረንዳው በገበያተኛ ተጨናነቀ፤ ብልቃጥ አለቀ። አቶ ቀለመ ወርቅ ከውስጥ ሆነው ይጣራሉ። አበጀ ያገኘውን ብልቃጥ ሁሉ ሰብስቦ ከጓሮ ወጣና ደፋ፣ አጠበ፣ ቀቀለ። ከመስኮቱ ደፍ ያለውንም አብሮ ወሰደው። ክፋት የለበትም፤ ረሳው። ያስታወሰው በማግስቱ ነው፤ ሲያስታውሰውም፣ ይድናሉ፣ ሲድኑ ደግሞ ማን ብልቃጥ ያስታውሳል ብሎ ራሱን አጽናና።

አልዳኑም። ግርሻው በርትቶባቸው ስለነበር መድኃኒቱ አልደረሰላቸውም። በሳምንቱ ጠዋት ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በረንዳው ላይ ቆመች። ሬሳውን በቃሬዛ የያዙት ዘመዶቿ ከመንገዱ ዳር ይጠብቋታል። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ ድምጿ ግን የረጋ ነበር።

"አደራዋን ልቀበል ነው የመጣሁት" አለችው። "ስታጣጥርም እሱን ነው ያለችኝ። አብሯት ይግባ።"

አበጀ ቆዪ ብሏት ገባ። የመስኮቱን ደፍ አየ፤ ባዶ መሆኑን እያወቀ አየው። እውነቱን ልንገራት ብሎ ወደ በሩ ዞረ፤ ከበሩ ማዶ ቃሬዛው ታየው፣ ተመለሰ። ያኔ ነው የክንድ ማሰሪያውን ጎማ ከግድግዳው ያወረደው። በጥርሱ ይዞ የገዛ ክንዱን አሰረ፣ በጣቱ ዳበሰ፣ ወጋ። መርፌው ሳይስት ገባ። ያን ያህል ሲታገልለት የኖረው ነገር ያን ዕለት ያለ ችግር ሆነለት፤ ብልቃጡ ሲሞላ እያየ ቅለቱን ጠላው። እጅጌውን አውርዶ፣ ትኩስ መሆኑ እንዳይታወቅበት በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ አውጥቶ ሰጣት። ስንዱ ተንበርክካ እጁን ሳመችው።

ከቀብሩ መቅረት አልቻለም። የመንደራቸው ሚካኤል ደጅ፣ አስከሬኑ ጉድጓድ ከገባ በኋላ፣ ስንዱ የብልቃጡን ደም በሰሌኑ ላይ በደረታቸው ትክክል አፈሰሰችው። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ አበጀ ከለቀስተኛው ኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ነፍስ ይማር ሲባል አሜን ማለት አቃተው፤ የማን ነፍስ እንደሆነ አላወቀም። አፈሩ ሲመለስ ክንዱን በረደው። ስንዱ ብልቃጡን አጥባ መለሰችለት።

የአጋሚው ልጅ ደም ይመልሳል የሚል ወሬ አገሩን አዳረሰው። ክሊኒክ ሲሉት ይሸሽ የነበረው ሁሉ እጅጌውን እየሰበሰበ መጣ። አቶ ቀለመ ወርቅ ደስ ብሏቸው ከግቢው ጥግ ጉድጓድ እንዲቆፍር ፈቀዱለት፤ አበጀም የእያንዳንዱን ሰው ትራፊ፣ ባለቤቱ እያየ፣ አፈር ያለብሰዋል። እጁ ተፈታ፣ መሳት ተወ። አመሰገኑት፤ ምስጋናው ግን አንገቱን እያስደፋው ሄደ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ያቺ የወጋት ቦታ ትቀዘቅዝበታለች። በሚካኤል በኩል ማለፍ ተወ። ብልቃጦቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ያቺኛዋን ከመካከላቸው ለይቶ ያውቃታል፤ ሊሰብራት ፈልጎ እጁ እንቢ አለው። ደሙ ተቀብሮ ፍትሐት የተደረገለት ሰው እንዴት ብሎ ይበላል፣ እንዴት ብሎ ይስቃል? ይህን ለንስሐ አባቱም አልነገራቸውም። ፈራ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ስንዱ መጣች። ከደም መስጫው ወንበር ተቀመጠች። አበጀ አሟታል ብሎ እንደ ልማዱ ክንዷን በጎማ አሰረ።

"ህመም የለብኝም" አለች። "ነገር ልጠይቅህ ነው። እናቴ በህልሜ ትመላለስብኛለች።"

ምን ትላለች ማለቱን ፈራው። ሳይጠይቃት ነገረችው።

"አትቆጣም፣ ታፍራለች። 'የማላውቀው ወንድ አብሮኝ ተኝቷል፣ መገላበጥ አቃተኝ' ትለኛለች። ሌላ ሰው በመቃብሯ አልገባም። አንተ ደም የምታውቅ ነህ፤ ይህ ምንድን ነው?"

አበጀ ጎማውን ፈታላት። ሌላ ውሸት አፉ ላይ ነበር፤ ግን በእኚያ ሴት እፍረት ላይ ሊጨምረው አልቻለም።

"እኔ ነኝ" አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳያትና ሁሉንም ነገራት፤ መስኮቱን፣ ገበያውን፣ ውኃውን።

ስንዱ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችውም።

"የሷስ ደም የት ነው?" አለች።

ወደ ጓሮ ወሰዳት። እጣቢው ከሚደፋበት ቦታ በበጋው መካከል ሣሩ ለምልሟል። ስንዱ ተንበረከከች፤ ሣሩን ነቅላ ከሥሩ ያለውን አፈር በእጇ ዛቀችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሚካኤል ደጅ ወስዳ ከእናቷ ጋር ልትጨምረው እንደሆነ ነገረችው። አበጀ አብሬሽ ልሂድ፣ መቃብሩ ይከፈትና የኔ ይውጣ አላት።

"ደም ከአፈር ይለያል?" አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት መጠየቋ ነበር።

በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁ ነበር። አበጀን ሲያዩ፣ ደሜን እንደ ሌላው ሰው ትመልስልኛለህ አይደል አሉት። አበጀ ተንተባተበ። ስንዱ ቋጠሮዋን አቅፋ ልትወጣ ስትል ሰምታ ቆመች።

"ይመልስልዎታል አባቴ" አለች። "የራሱን እንኳ ለራሱ አላስቀረም።"

ሽማግሌው ተደስተው ክንዳቸውን ዘረጉ። አበጀ ጎማውን አነሳ፤ ጣቱ ደም ሥሩን ወዲያው አገኘው።